መርዶ ይዤ ሌቼ

ስለ ሌቼ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ የቢጫ ድንጋይ ክምር ናት ብዬ እመልስለታለሁ። ሰዉ ድንጋይ ፎቶ ሲያነሳ ይውላል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በረዶ የገባበት ቡና ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። በዚህች የደቡብ ጣሊያን ከተማ ስምንት ቀን ቆይቼ አንዱንም ቀን አልወደድሁትም። ግን ከመጀመሪያው ልናገር፣ የሄድሁት ለጉብኝት አልነበረም። እዚያ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ የእናታችንን መርዶ ልነግር ነበር የሄድሁት።

እናታችን ያረፈችው ሞጣ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር ነው። እኔ ቢቸና ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እህቴ መጥተህ አገር እይ እያለች የግብዣ ወረቀት ስትልክልኝ፣ እኔም ኤምባሲ ስመላለስ ዓመት አልፎን ነበር። ቪዛህ ወጥቷል ተብሎ የተደወለልኝ እናታችን በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው።

የዚያን ዕለት አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከድንኳኑ ጥግ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እንግዲህ መንገዱን እግዜር አዘጋጀው» አሉ። «ይችን ልጅ በስልክ የሚነግራት ሰው እንዳይኖር ለሁሉም አስጠንቅቄያለሁ። አንተ ዓይኗን እያየህ ትነግራታለህ። በማለዳ ይሁን። ደግሞ ብቻህን እንዳትነግራት፤ ሰው ሰብስብ። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ ሰው ይኑር። ባዶ ቤት ውስጥ ብታረዳት ዕድሜ ልኳን ታዝንብናለች።»

«እሺ አባባ» አልሁ።

እስከዚያው የሚነገራት ነገርም ተመካክረን ወሰንን። እማ ጠበል ገብታለች፤ ጠበሉ ቦታ ስልክ አይፈቀድም። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ዳቦ ቆሎ ሠርታ አመጣችልኝ። «ባዶ እጅህን ብትሄድ ትጠረጥራለች፤ እናትሽ ናት የላከችልሽ በላት» አለችኝ። አንድ ጥቁር ሻሽም ጨመረችልኝና ከሻንጣዬ ሥር፣ ከልብሶቼ ሁሉ በታች አጣጥፌ አስቀመጥሁት። ለሐዘን ያሳደግሁትን ጢም ባሕር ዳር ላይ ተላጨሁ። እንዲህ ተዘጋጅቼ ነው የሄድሁት፤ አንድም ያልታሰበበት ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ባቡሩ ሌቼ ሲደርስ እህቴ ከጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልተያየንም። ወፍራለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ መነጽር አድርጋለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ ወዲያው ስልኳን አወጣች።

«ቁም ጋሼ፣ ቁም! ለእማ አሳያታለሁ።»

ቆምሁላት። በዚያ ፎቶ ላይ ጥርሴ ይታያል።

እህቴ የምትሠራው አንዲት አሮጊት በመንከባከብ ነው። አሮጊቷ ዘጠና ዓመት አልፏታል፣ ከዊልቸር አትነሳም፣ ልጇ ሚላን ነው የሚኖረው። ቤቱ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሁለት አህዮች ተጭነው የማይተላለፉበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አሮጊቷ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር አላወለቀችም ብላ እህቴ በአክብሮት ነገረችኝ። ሳሙና ለመቆጠብ ይሆናል አልሁ በሆዴ። አገሬ ቢሆን ተነስቼ አንቱ የምላት ሴት ናት፤ እዚያ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ሁሉንም የናቅሁት ገና ከደጃፉ ነው።

እራት ከበላን በኋላ ከረጢቱን አወጣሁ።

«እማ የላከችልሽ ነው» አልሁ።

እህቴ ዓይኗ በራ። ፈታችው፣ አንድ ፍሬ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች፣ ብዙ ጊዜ አኘከች።

«እማ ራሷ ናት የሠራችው?»

«በገዛ እጇ። ጠበል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት።»

«ጥሩ ነው» አለች። ከረጢቱን መልሳ ቋጠረችና ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነስታ ሳህን ልታጥብ ሄደች፤ ብዙ ሳህንም አልነበረም፣ እሷ ግን ቆየች።

በማግስቱ ከተማዋን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። ከምድር ቤት የምትኖር ጎረቤት አሮጊቷን እንድትጠብቅላት ለምናለች፣ የሳምንት ፈቃድም ወስዳለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ ዋናው አደባባይ መሐል ያለውን የጥንት የሮማ ሰዎች ትርዒት ማያ ጉድጓድ ነው። ግማሹ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ግማሹ ከባንክና ከቡና ቤት ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። ሰው አጥሩን ተደግፎ ወደ ታች ያያል። እኔ ያደግሁት አባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በሚወራበት አገር ነው። እዚያ ፍርስራሽ ችግር ነው፤ ገመድ ይታሰርበታል፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ይሻገራል። እዚህ ግን ፍርስራሹን አጥረው አይስክሬም ይሸጡበታል።

«አያምርም?» አለችኝ።

«ይኼ ያልተጨረሰ ሥራ ነው» አልሁ።

ሳቀች። ያን ሳምንት ሁሉ በጣም ትስቅ ነበር፤ እንደ ልጅነቷ አፏን በእጇ ሳትሸፍን፣ መንገደኛ ዞር ብሎ እስኪያያት። ክንዴን ይዛ ትሄዳለች፣ የሕፃንነታችንን ነገር እያነሳች ታስታውሰኛለች፣ እማ የሞጣ ገበያ ቀን እንዴት እንደምትከራከር እያስመሰለች ታሳየኛለች። እኔ ግን ፈረንጅ አገር ሰውን እንዲህ ያቀልላል እያልሁ እታዘባት ነበር።

የቤተ ክርስቲያናቸው ፊት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ያልቀረጹት ነገር የለም፦ አበባ፣ አንበሳ፣ ፍራፍሬ፣ ጉንጩ ያበጠ ሕፃን። ዓይን የሚያርፍበት አንድ ልሙጥ ቦታ አልተዉም። ደጁ ላይ እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወለሉ በረዶ ነው። ሌላው ሰው ቁምጣ ለብሶ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ጀርባው ላይ ሻንጣ አዝሎ ይዞራል። አንድ ዘበኛ መጥቶ እግሬን እያሳየ ብዙ ተናገረኝ።

«ጫማህን አድርግ፣ ትታመማለህ ነው የሚልህ» አለች እህቴ።

«ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የታመመ ሰው አላውቅም በይው።»

አልነገረችውም። እሷም ጫማዋን አላወለቀችም፤ ይህንንም መዘገብሁባት።

በሦስተኛው ቀን ቅዱሳን ከወረቀት የሚሠሩበት ሱቅ ወሰደችኝ። ቀልድ አይደለም። ገለባ በሽቦ ያስራሉ፣ በላዩ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ይደርቡበታል፣ ቀለም ይቀቡትና ሐዋርያ ይሆናል። ባለሙያው አንድ ገና ቀለም ያልተቀባ የድንግል ማርያም ምስል አንስቶ ውስጡን አሳየኝ። ገለባ ነበር። ቢቸና ለአንድ ሰዓሊ ይህን ብነግረው በዚያው ቀን ይጾማል ብዬ ለእህቴ ነገርኋት። እሷ ግን አንዲት ትንሽ እናት፣ ጉልበቷ ላይ ልጅ የታቀፈች፣ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አልኋት።

«ምንም። እጇን እያየሁ ነው።»

አስቀመጠቻትና ወጣን።

ማታ ማታ እራት ላይ አሮጊቷ በእህቴ በኩል አንድ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር። ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፣ በየምሽቱ። ማንኪያዋን ታስቀምጥና ትኩር ብላ ታየኛለች።

«እናትህ እንዴት ናት? እያሉህ ነው» ትላለች እህቴ፣ ወደ ሳህኗ እያየች።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን በያት።»

አሮጊቷ መልሱን ትሰማና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ማንኪያዋንም ታነሳለች። በአራተኛው ምሽት ተናደድሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ እናቴ የምትጠይቀኝ የባዕድ አሮጊት ናት። የገዛ ልጇ፣ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ እማ ከጠበል ወጣች ወይ ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ፎቶም ታነሳኝ ነበር፤ ለእማ አሳያታለሁ ማለቱን ግን ተወችው። ዳቦ ቆሎውም ማቀዝቀዣው ላይ እንደተቋጠረ ነው። የእናቷን እጅ ሥራ ንቃ በቅቤና በክሬም የተሞላ ኬክ ቁርስ ብላ ትበላለች። እናት ማለት ለካ ከባሕር ማዶ ሆነው የሚረሱት ነገር ነው አልሁ፤ ንቀቴ ከድንጋዩ አልፎ እሷም ላይ ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር ግን መርዶው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። በየቀኑ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ የአጎቴ ቃል ይመጣብኛል፤ ሰው ሰብስብ። ማንን ልሰብስብ?

«እዚህ ከተማ አበሻ የለም እንዴ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ እንደ ዘበት።

«አንዲት ኤርትራዊት ነበረች። ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ሄደች። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ሐዘን ደስታ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጎረቤት አለኝ» አለች።

ጎረቤት የምትላቸውን አይቻቸዋለሁ። የምድር ቤቷ ሴትዮና ሌሎች ሁለት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ወንበር አውጥተው ባቄላ እየፈለፈሉ ይጮኻሉ። በእነዚህ ፊት ነው መርዶ የምነግራት? ስቄ ተውሁት። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እስኪረፍድ ድረስ ግድግዳ አያለሁ። ሰው የለም የሚለው ምክንያት በጣም ተመችቶኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ኦትራንቶ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወሰደችኝ። በትንሽ ባቡር ነው የሚኬደው። መንገዱን ሙሉ ግራና ቀኝ የወይራ ዛፍ ነው፤ ግን የደረቀ፣ አመድ የመሰለ፣ ቅጠል የሌለው። በሽታ ገብቶበት ነው አለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሜዲትራንያን አገሮች በወይራ ይታወቃሉ እያልሁ ጽፌያለሁ። መጥቼ ሳየው ሞቶ ቆየኝ። ደግሞ አለመቁረጣቸው! እኛ አገር ቢሆን በወሩ ከሰል ሆኖ ባለቀ ነበር።

«ለምን አይነቅሉትም?»

«አንዳንዱ አላስችል ብሎት ነው» አለች። «አባቱ የተከለው ይሆናል። ቆሞ ሲያየው ያለ ይመስለዋል።»

ስንፍና ነው አልኋት።

ኦትራንቶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከመሠዊያው ጀርባ፣ ከወለል እስከ ላይ የቆመ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ የሰው ራስ ቅል ነው። በመቶ የሚቆጠር። ለሃይማኖታቸው የሞቱ የከተማው ሰዎች ናቸው ይላሉ። እንደ መደብር ዕቃ ተደርድረዋል። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል።

«እነዚህ ሰዎች ለሙታናቸው አፈር አጡ?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ሬሳ ደብቆ በክብር የማይቀብር?»

እህቴ ከመስታወቱ ፊት አልተንቀሳቀሰችም። አሳጥራ የቆረጠችው ፀጉሯ መስታወቱ ላይ ይታየኛል።

«ጋሼ» አለች። «የሞተ ሰው ከሚደበቅ ቢታይ አይሻልም?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሰው የለም አልሁ በልቤ፣ ማለዳም አይደለም። «እንሂድ፣ ባቡሩ ያመልጠናል» አልኋት። ባቡሩ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ጠበቅነው። ያን ቀን አልሳቀችም።

በዚያ ምሽት አሮጊቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ስትጠይቀኝ እህቴ አልተረጎመችልኝም። ማስተርጎም አያስፈልገኝም ነበር። «ደህና ናት» አልሁ ባማርኛ፣ ወደ ጠረጴዛው እያየሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ልሄድ ዕቃዬን አዘጋጅቼ፣ ንጋት ላይ እንደ ልማዴ ነቃሁ። በሩ ሥር ብርሃን ይታያል። ሰው ያንሾካሹካል። ተነስቼ ወጣሁ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ሦስቱ ጎረቤቶች ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። አሮጊቷ በዊልቸሯ ከመካከል ናት። እህቴ ከአጠገቧ፣ መሬት ላይ፣ ቀሚሷን ወደ እግሯ ሰብስባ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ ከሻንጣዬ ሥር የነበረው ጥቁር ሻሽ አለ።

«ተቀመጥ ጋሼ» አለችኝ። «ሰው ሰብስቤልሃለሁ። ማለዳ ነው። በል ንገረኝ።»

ቁጭ አልሁ።

«መቼ አወቅሽ?»

«የመጣህ ዕለት። ዳቦ ቆሎው ስኳር አለው። እማ ስኳር ያለበትን የልጅ ማባበያ እያለች አታስነካንም ነበር እኮ፤ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ነበር የምታደርግበት። አንተ አልቀመስኸውም?»

አልቀመስሁትም ነበር። አገር አቋርጬ ተሸክሜው ሄጄ አንድ ፍሬ እንኳ አፌ ውስጥ አላደረግሁም።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ እናት አለችኝ ብዬ ነው» አለች። «አንድ ሳምንት እናት ኖራኝ ከወንድሜ ጋር አገር ልይ ብዬ ነው። ለእሳቸው ግን በዚያው ሌሊት ነገርኋቸው። እንዲቀልልህ ብለው ነው በየቀኑ የሚጠይቁህ። ሰው የለም ብለህ እንደተጨነቅህ ገብቶኝ ነበር። ዛሬ ነገ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁህ። አሁን ልትሄድ ነው። ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?»

ልሄድ ነበር፤ ከአውሮፕላን ስወርድ በስልክ እነግራታለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

«እማ አርፋለች» አልሁ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

እህቴ እንደማታውቅ ሰው ጮኸች። አሥራ አምስት ዓመት ያልጮኸችውን ጩኸት ነው የጮኸችው። ጎረቤቶቹ ሁለቱ በግራና በቀኝ ያዟት፣ አንዷ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ጨበጠችላት፤ ማንም አላስተማራቸውም። አሮጊቷ ደግሞ የእናታችንን ስም ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከእጅጌያቸው ውስጥ ነጭ መሐረብ አወጡ፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየወዘወዙ በቀጭን ድምፅ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ጣሊያንኛ አይደለም፣ የተወለዱበት መንደር የጥንት ቋንቋ ነው አለችኝ እህቴ በኋላ። ቃሉን አላውቀውም። ያን አወራረድ ግን አውቀዋለሁ። አልቃሿ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በመካከሉ የእናቴ ስም እየተሰበረ ይመጣል። ሞጣ ድንኳን ውስጥ ያላለቀስሁትን እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ አለቀስሁ።

በረፈደ ጊዜ እህቴ ተነስታ ከረጢቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረደች። ለሐዘንተኛ የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይሄድም አለች። ሁሉም እየዘገኑ ቆረጠሙት። እኔም ቀመስሁት። በጣም ይጣፍጣል፤ እማ ብታየው ትስቅብን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ ሸኘችኝ። አሮጊቷን ጥላ ለተዝካሩ መምጣት አልቻለችም፣ ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ አለችኝ። ቢጫው ድንጋይ በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት። አሁንም አልወደድሁትም።

በአርባው ቀን ተዝካሩ ላይ፣ ሞጣ፣ አጎቴ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት ነው።

«ልጅቱን እንዳልሁህ በማለዳ ነገርሃት?»

«በማለዳ ነገርኋት።»

«ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«በሰው አገር ማን ሰበሰበላት?»

ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። አክስቴ በድንኳኑ በር በኩል ቆማ ታዳምጣለች። እህቴ ሌቼ ናት።

«እኔ» አልሁ።

«ተባረክ!» አሉ አጎቴ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው። «ወንድም ማለት አንተ ነህ። እግዜር ዕድሜ ይስጥህ፤ ክፉ አይንካህ።»

አሜን አልሁ።